ካሜራው ጥሩ፣ ቀረጻው ጥሩ፤ ኤዲት ሲደረግ ለምን ስታክ ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ሰርግና ልደት እቀርጻለሁ። ካሜራዬ ፉል ኤችዲ ነው፤ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ኤምቲኤስ የሚባል ፋይል ያስቀምጣል። ኮምፒውተሬ ኮር አይ ፋይቭ፣ ራሙ 8 ጊጋባይት ነው። ፕሪሚየር በሚባለው የኤዲት ፕሮግራም ላይ ሳጫውት ድምፁ ይሄዳል፣ ምስሉ ግን ስታክ እያደረገ ይዘላል። በነጻ ፕሮግራም ወደ ኤምፒ ፎር ብቀይረውም ለውጥ የለም። ሃርድ ዲስክ ልቀይር ወይስ ጭራሽ ሌላ ኮምፒውተር ልግዛ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ገና ምንም አይግዙ። ያስቸገረዎት የፋይሉ ትልቅነት ሳይሆን ከመጠን በላይ ተጠቅጥቆ መታሸጉ ነው። ካሜራዎ የሚጠቀመው ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡትን ኤቪሲኤችዲ የተባለ አሠራር ነው። በከፍተኛ ጥራት ሲቀርጽ እንኳ በሰከንድ እስከ 24 ሜጋቢት ወይም 3 ሜጋባይት ቢወስድ ነው (በሰከንድ 50 ሙሉ ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ሥዕል፣ የሚቀርጹት ቆየት ብለው የመጡት 28 ሜጋቢት ይደርሳሉ)። ያረጀ ሃርድ ዲስክ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያነባል።

ይህን ያህል ያነሰው እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ሥዕል ሆኖ ስለማይቀመጥ ነው። ሙሉ ሥዕል የሚቀመጠው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ በመካከል ያሉት ፍሬሞች ከጎረቤቶቻቸው የሚለዩበትን ብቻ ይይዛሉ። ስለዚህ ታይምላይኑ (ክሊፖቹ በተራ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ አንድ ቦታ ሲጫኑ ፕሮሰሰሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሙሉውን ፍሬም ይፈልጋል፣ ከዚያ እስከፈለጉበት ያለውን ይፈታል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚያሳይዎት። ወደ ኋላ እያስኬዱ ሲያዩ ወይም ሁለት ካሜራ ሲደራርቡ ሥራው ይባዛል። ኤምፒ ፎር ያልጠቀመዎትም ለዚህ ነው። ኤምፒ ፎር መያዣ ነው፤ ውስጡ ያለው እሽግ ካሜራው የተጠቀመበት ያው ኤች 264 የተባለ የማሸጊያ ዘዴ ነው። እንደገና ሲታሸግ ደግሞ ጥራቱ ይቀንሳልና ኦሪጅናሉ ካለዎት ወደ እሱ ይመለሱ።

ጥፋቱ የት እንደሆነ በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ቪዲዮው እየተጫወተ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) ወደ 100 በመቶ ተጠግቶ ዲስኩ ዝቅ ካለ ነገሩ ከላይ ያልነው ነው። የዲስኩ ሥራ 100 በመቶ ከደረሰ ግን ምናልባት በቀጥታ ከሚሞሪ ካርድ ወይም ከፍላሽ እያጫወቱ ነው፤ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጠው ይሞክሩ።

ሲገለብጡ ኤምቲኤሶቹን ለይተው አያውጡ፤ ካርዱ ላይ ያለውን ፎልደር እንዳለ ይውሰዱ። ረጅም ቀረጻ በካርዱ ላይ በየ2 ወይም በየ4 ጊጋባይቱ ይከፋፈላል፣ ክፍሎቹ እንዴት እንደሚገጣጠሙ የተጻፈው ደግሞ በሌሎቹ ፋይሎች ነው። ለብቻ የወጣ ኤምቲኤስ መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ድምፅ ይበላል፤ ይህ የሚሆነው ቃል ኪዳን በሚገባበት ደቂቃ ከሆነ ማስተካከያ የለውም። ፕሪሚየር ውስጥ ሚዲያ ብራውዘር በሚለው በኩል ካስገቡት አያይዞ ያነበዋል።

ዋናው መፍትሔ ፕሮክሲ ነው፤ ለመቁረጥ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ። ክሊፖቹን መርጠው በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ይጫኑ፤ ፕሮክሲ፣ ከዚያ ክሪኤት ፕሮክሲስ ይበሉ። ቅጂውን የሚሠራው ሚዲያ ኢንኮደር የተባለው ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ መጫን አለበት። ከአማራጮቹ ፕሮሬስ ፕሮክሲን፣ መጠኑን ደግሞ የኦሪጅናሉን ግማሽ (960 በ540) ይምረጡ። ፕሮሬስ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ስለሚያስቀምጥ ፕሮሰሰሩ ወደ ኋላ መሮጥ የለበትም። በዚህ መጠን የአንድ ሰዓት ቀረጻ 5 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። አንዳንዶች ቀረጻውን በሙሉ ወደ ፕሮሬስ 422 (ከፍ ያለ ጥራት ወዳለው የፕሮሬስ ዓይነት) ይለውጣሉ፤ ጥሩ ይጫወታል፣ ግን በ25 ፍሬም ለአንድ ሰዓት 55 ጊጋባይት ይበላል። ለስድስት ሰዓት ሰርግ 330 ጊጋባይት ማለት ነው፤ ለቤት ኮምፒውተር አንመክረውም።

ብዙ ሰው ፕሮክሲ ሠርቶ «ምንም አልተሻለኝም» የሚለው ቶግል ፕሮክሲስ የሚለው ቁልፍ ስላልበራ ነው። በሞኒተሩ ሥር ያለችውን የመደመር ምልክት ተጭነው ቁልፉን ወደ ታች ጎትተው ያውጡት፤ ሰማያዊ ሲሆን በርቷል። ኤክስፖርት ሲያደርጉ (ያለቀውን ቪዲዮ ሲያወጡ) ፕሮግራሙ በራሱ ኦሪጅናሉን ይጠቀማል።

የማጫወቻውን ጥራት ወደ ግማሽ ወይም ሩብ ዝቅ ማድረግም ይረዳል፤ ሆኖም ጥቅሙ በይበልጥ ኢፌክትና የቀለም ማስተካከያ ሲበዛ ነው፣ እሽጉን የመፍታቱን ሸክም እምብዛም አያቀልም። ላፕቶፕ ከሆነ ከመብራት ጋር ያገናኙት። በባትሪ ሲሠራ ፕሮሰሰሩ ራሱን ያዘገያል፤ ፕሮክሲውን መብራት ባለበት ሰዓት ሠርተው ከጨረሱ ግን መብራት ሲጠፋም በባትሪ መቁረጥ አያቅትዎትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ገንዘብ ካለ፣ መጀመሪያ ራሙን ወደ 16 ያሳድጉ፣ ቀጥሎ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የፈጠነ ማከማቻ) ይጨምሩ። አዲስ ፕሮሰሰር ከገዙ ደግሞ ከኢንቴል በስሙ መጨረሻ «ኤፍ» ያለበትን ይተዉ፤ ውስጡ ግራፊክስ ስለሌለው ኤች 264ን በፍጥነት የሚፈታው ክፍልም የለውም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ የላከልኝን ካሜራ እዚህ ከገዛሁት ጋር አብሬ እጠቀማለሁ። የአሜሪካው ቀረጻ ካሜራው ሲዞር ዘለል ዘለል ይላል፤ ኤክስፖርት ካደረግኩት በኋላም አልጠፋም። ኮምፒውተሬ ደክሞ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ኤክስፖርት ተደርጎም ከቀጠለ ኮምፒውተሩ አልደከመም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው በ60 ሥርዓት (በሰከንድ 60 ወይም 30 ፍሬም) ይቀርጻል፣ እዚህ የሚሸጠው ባብዛኛው በ50 (50 ወይም 25 ፍሬም)። 30 ፍሬም ያለውን 25 በሆነ ታይምላይን ውስጥ ሲያስገቡ በየሰከንዱ 5 ፍሬም ገደማ ይጣላል፤ ዝላዩ እሱ ነው። የካሜራውን ሜኑ ይፈትሹ፤ ወደ 50 የሚቀየር ከሆነ ሁለቱን እኩል ያድርጉ። የማይቀየር ከሆነ የታይምላይኑን ፍጥነት አብዛኛውን በቀረጹበት ካሜራ ያስተካክሉ፤ ሌላውን ብዙ በማይንቀሳቀስ ምስል ላይ፣ ለምሳሌ በትራይፖድ ለሙሽሮቹ ጠረጴዛ፣ ያውሉት።

በዚያው ካሜራ አዳራሽ ውስጥ ሲቀርጹ መብራቱ የሚርገበገብ ከመሰለዎት ሻተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኝበትን የሰከንድ ክፋይ) ከ1/60 ወደ 1/50 ወይም 1/100 ያድርጉት። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነውና ቀረጻው ላይ ካልተስተካከለ ኤዲት ላይ በቀላሉ አይለቅም።