ተጨማሪ መብራት ለጉዞ ሞተር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ፓውዛ ናቸው። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ የመለስኩት ለሌሎቹም መነሻ ስለሚሆን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 800 ሲሲ የጉዞ ሞተር አለኝ። ማታ ስነዳ መብራቱ አይበቃኝም። በተለይ ኩርባ ላይ ስገባ ውስጠኛው ጠርዝ ይጨልምብኛል። ሁለት ኤልኢዲ ፓውዛ ልጨምር አስቤ ነበር፣ ግን ምርጫው ግራ አጋባኝ። አንዱ ጥንድ ላይ 40 ዋትና 20,000 ሉመን ተብሎ ተጽፏል። ሌላው በዋት እኩል ሆኖ 5,000 ሉመን ብቻ ይላል፣ ዋጋው ግን ይበልጣል። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚበልጠውን መረጃ ራስህ ጽፈኸዋል። «ኩርባ ላይ ይጨልምብኛል» ብለሃል። ከዚያ እንነሳ።

መኪና ቀጥ ብሎ ይታጠፋል። ሞተር ግን ይጋደማል፣ መብራቱም አብሮት ይጋደማል። የአጭር መብራት ጨረር ከላይ በኩል ተቆርጦ የቀረ ነው፤ ከዚያ መስመር በላይ ብርሃን የለም ማለት ይቻላል። ወደ ግራ ስትጋደም ያ መስመር በግራ ይወርዳል፣ በቀኝ ይነሳል። ስለዚህ ልትገባበት ያሰብከው የኩርባው ውስጠኛ ክፍል ይጨልማል። የማትሄድበት የውጪው ጥግ ደግሞ ይበራል። ይህን የሚሞላልህ ወደ ጎን የሚዘረጋ ሰፊ ጨረር ነው። ጠባብ ጨረር፣ ስፖት የሚሉት፣ ለዚህ ምንም አያደርግልህም። የሱ ሥራ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሩቅ ማሳየት ነው።

ሩቅ ማየትም ቀላል ነገር አይደለም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ትሄዳለህ። መንገድ ላይ የቆመ ከብት አይተህ ፍሬን እስክትይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅብህ 42 ሜትር አለቀ። በደረቅ አስፋልት፣ ጥሩ አያያዝ ይዘህ እንኳ፣ ለመቆም ወደ 50 ሜትር ይጨመራል። ድምሩ ከ90 ሜትር በላይ ነው። የብዙ ሞተሮች አጭር መብራት በደንብ የሚያሳየው ከዚያ ባነሰ ርቀት ነው። እንግዲህ ማታ በምን ፍጥነት መንዳት እንዳለብህ ከዚህ ተነስተህ አስብ። መብራት ከመጨመርህ በፊትም ሆነ ከጨመርክ በኋላ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ሉመን ማለት መብራቱ በጠቅላላ የሚያወጣው ብርሃን መጠን ነው። ጥሩ ኤልኢዲ በአንድ ዋት ከ100 እስከ 150 ሉመን ገደማ ይሰጣል። 40 ዋት የሚበላ መብራት 20,000 ሉመን ሊያወጣ አይችልም። ካርቶኑ እንዲህ ካለ ሌላውንም ጽሑፍ አትመነው። ውሃ አያስገባም የሚለውንም ጨምር። 5,000 ያለህ ቢያንስ ሊሆን የሚችል ነገር ነው የተናገረው።

ደግሞ ሉመን ራሱ ብርሃኑ ወዴት እንደሄደ አይነግርህም። መንገዱ ላይ ምን ያህል እንዳረፈ የሚነግርህ ሉክስ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን አንድ አራተኛ ይሆናል። ለዚህ ነው ጨረሩን ጠበብ አድርጎ የሰበሰበ ትንሽ መብራት በየአቅጣጫው ከሚረጭ ትልቅ መብራት ርቆ የሚያሳየው። ሻጩን የጨረሩን ሥዕል አሳየኝ በለው። በስንት ሜትር ላይ ስንት ሉክስ እንደሚሰጥ የሚያሳይ ሥዕል ያለው አምራች ሥራውን የሚያውቅ ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ የምልህ አለ። ከጎማህ ፊት ያለውን አስር ሜትር እንደ ቀን አታብራው። የቅርቡ ሲደምቅ ዓይንህ ለዚያ ብርሃን ይጠባል፤ የሩቁ ይጠፋብሃል። ነጂው «ዋው፣ በራ!» ይላል፤ እውነቱ ግን ከበፊቱ ያነሰ ርቀት ነው የሚያየው። ብዙ ሰው በመብራቱ ተደስቶ በዚህ ይታለላል።

ስለዚህ የኔ ምክር፦ ከላይ በኩል የተቆረጠ፣ ወደ ጎን የሰፋ ጨረር ያለው ጥንድ ግዛ። እያንዳንዱ 20 ዋት ከሆነ በቂ ነው። ሌንሱ ላይ ክብ ውስጥ የገባ የላቲን ኢ (E) ፊደልና ቁጥር ካለበት በአውሮፓ ደንብ ተመርምሮ ያለፈ ነው። ቢ (B) ወይም ኤፍ 3 (F3) የሚል ምልክት ካየህ ደግሞ የጭጋግ መብራት ሆኖ የጸደቀ ነው፤ ጨረሩ የምልህ ዓይነት ነው። ውሃን በተመለከተ መብራቱ ውሃና አቧራ የመከላከል አቅሙ በአይፒ (IP) ቁጥር ይጻፋል፤ አይፒ 67 አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየት ማለት ነው። ሞተርህን በግፊት ውሃ የምታሳጥብ ከሆነ አይፒ 69ኬ ፈልግ። ከኋላው የአልሙኒየም ክንፎች ያሉት ይሁን፤ ኤልኢዲ ሲግል ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ጥያቄ፦ ለጭጋግና ለዝናብ ቢጫ መብራት ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ በከፊል። ቢጫ ብርሃን ጭጋግን ሰንጥቆ ያልፋል የሚባለው ትክክል አይደለም። የጭጋግ ጠብታ ትልቅ ስለሆነ ሁሉንም ቀለም እኩል ነው የሚበትነው። ቢጫው የሚጠቅመው ሰማያዊው ስለተቀነሰለት ዓይንን ባለማድከሙ ነው። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ 6,000 ኬልቪን የሆነ ሰማያዊ የሚመስል ነጭ በእርጥብ አስፋልት ላይ ያንጸባርቃል፤ ወደ 3,000 የሚጠጋው ቢጫ ግን ይረጋጋል። እኔ ራሴ የምጠቀመው ቢጫ ነው፣ ወድጄዋለሁም። ነገር ግን ጭጋግ ላይ ከቀለም በላይ ወሳኙ ቁመት ነው። መብራቱ ወደ ዓይንዎ በቀረበ ቁጥር ከጭጋጉ ተመልሶ የሚመጣው ነጭ ግድግዳ ይወፍራል። ዝቅ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ መብራቶቹን ገዝቻለሁ። መሪው ላይ ልሰር ወይስ ታች? ሽቦውንስ ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ቀጥሎ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ታች ይሰሩት። በኔ ሞተር ላይ ያሉት መከላከያው ብረት ላይ ነው፣ ከራዲያተሩ ግራና ቀኝ። ሁለቱን መብራቶች አራርቆ ዝቅ ማድረግ ከዋናው መብራት ጋር ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ይህ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ከፊት ለሚመጣው ሹፌር ይጠቅማል። ነጠላ መብራት ሲታይ ርቀቱንም ፍጥነቱንም መገመት ይከብዳል። ሦስት የተራራቁ ነጥቦች ሲሆኑ ግን እየቀረቡ መሆንዎን ያያል።

ማሰሪያው የብረቱን ውፍረት በትክክል የሚገጥም ይሁን፤ 22፣ 25 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ሊሆን ስለሚችል ይለኩት። በመሃል ስስ ላስቲክ ያስገቡ። ዳዶው ላይ ሰማያዊውን የክር ማጣበቂያ ጠብ ያድርጉበት፤ የሞተር ንዝረት ካለሱ ሁሉንም ይፈታዋል። ከዚያ መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ ያዙሩ፤ ሰው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ የሞተሩን የፊት ክፍል ወደ ታች ይጫን። ፓራፋንጎውም ጎማውም መብራቱን መንካት የለባቸውም። ለራዲያተሩ የሚገባው ነፋስም አይዘጋ።

ሽቦውን በተመለከተ ከፊት መብራቱ ላይ በቀጥታ አይቀጥሉ። ያ ሽቦና ያ ማብሪያ ማጥፊያ የተሰሩት ለአንድ መብራት ነው። ሪሌ ያስገቡ፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው። እግሮቹ ላይ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚነሳው ሽቦ በፊውዝ አልፎ ወደ ሪሌው 30 ቁጥር እግር ይገባል፤ ከ87 ወደ መብራቶቹ ይወጣል። 85 ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል። 86 ደግሞ ትእዛዝ የሚቀበለው ነው፤ ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ በራሱ ማብሪያ በኩል ይምጣ። ሁለት ባለ 20 ዋት መብራት 3 አምፔር ገደማ ይወስዳል። 5 አምፔር ፊውዝና 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይበቃል። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ሽቦው መንገድ ላይ ቢላጥ የሚያድንዎት እሱ ነው። ወደፊት ጠባብ ጨረር ያለው ከጨመሩ ግን የሱ 86 ከረጅሙ መብራት ሽቦ ብቻ ይምጣ። ከፊት መኪና ሲመጣ አጭር ሲያደርጉ አብሮ ይጠፋል። ሌሊት መኪናም ስለምነዳ ያንን የሚያሳውር ብርሃን ከፊት ለፊት አውቀዋለሁ። የታወረ ሹፌር ወደ እርስዎ እየመጣ ነው ማለት ነው።

አዳዲስ ሞተሮች በየሽቦው የሚያልፈውን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር ስላላቸው የስህተት ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። የአምራቹ የተጨማሪ ዕቃ ሶኬት ካለ እሱን ይጠቀሙ። ሁሉንም ከገጠሙ በኋላ ሞተሩን አስነስተው፣ መብራቱንም የመሪ ማሞቂያውንም አብርተው፣ ባትሪው ላይ ቴስተር ይያዙ። ትንሽ ጋዝ ሰጥተው እንኳ ከ13 ቮልት በታች ከቀረ ዲናሞው አልቻለም።

ማስተካከያውን ግድግዳ ፊት ያድርጉ። ሞተሩ 7 ሜትር ተኩል ርቆ በደልዳላ መሬት ይቁም። ሻንጣው ተጭኖ፣ እርስዎ ተቀምጠው፣ የጎማው ነፋስ ትክክል ሆኖ። የመብራቶቹን ቁመት ለክተው ግድግዳው ላይ በናስትሮ ምልክት ያድርጉ። የጨረሩ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይረፍ። ሻንጣ የሌለበት ሞተር ላይ ካስተካከሉት ሲጫን የኋላው ይሰምጣል፤ ብርሃኑ ወደ ሰማይ ይሄዳል። አገርዎ ስለ መብራት ብዛትና ቀለም ያወጣውን ደንብም ያንብቡ፤ ከአገር አገር ይለያያል።

ጥያቄ፦ ፓውዛ ካስገባሁ ወዲህ በሄልሜቴ ኢንተርኮም ውስጥ የሚያፏጭ ድምፅ አለ። መብራቱን ሳጠፋ ይጠፋል።

መልስ፦ ጥፋቱ የኢንተርኮሙ አይደለም። ኤልኢዲው ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠር ትንሽ ሰርኪዩት አለ፤ በርካሽ ሲሰራ የሬዲዮ ድምፅ ይረጫል። ማደብዘዣ ካለው መብራቱን ሙሉ አድርገህ ሞክር። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ማደብዘዣው ነው። ካልጠፋ የመብራቱን ሽቦ ከኢንተርኮሙ ቻርጀርና ከአንቴናው ሽቦ አርቅ፣ መብራቱ አጠገብም የፌራይት ቀለበት፣ ሽቦ ላይ የሚገባ የሬዲዮ ድምፅ የሚያፍን ቀለበት፣ አስገባበት። ያም ካልሠራ መብራቱን መልሰህ ሌላ ግዛ።