ጡረተኛው የጦር ውሻ ደሴ ሲገባ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ጊዜ ለልጆች ታሪክ መጻፍ ለምትሞክሩ አንድ መነሻ ሰጥቼ ነበር። ከጦሩ ጡረታ የወጣ ውሻ፣ ሲመራው ከኖረው ወታደር ጋር ደሴ ይመጣል። ከዚያ ጀብዱ ይጀምራል። የቀረውን እናንተ ጨርሱት ብዬ ነበር። ታሪክ ስጠብቅ ጥያቄ ጎረፈ። የተወሰኑትን እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ፣ ከኮምቦልቻ። የእኔ ውሻ 10 ዓመቱ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ ከሚበር አይሱዙ ዘሎ ሌባ ይይዛል። ለተማሪዎቼ ሳነብላቸው ሳቁብኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ልጆቹ ልክ ናቸው። የ10 ዓመት ውሻ ሽማግሌ ነው። አብዛኛው የጦር ውሻ የሚሰናበተው ከ8 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜው ነው። ጀርመን ሼፐርድ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳሌውን ያመዋል፤ ደረጃ መውጣት እንኳ ሊከብደው ይችላል። ሐረጎ መታጠፊያ ላይ ከመኪና ከዘለለ ታሪኩ እዚያው አለቀ።

ይልቅ አፍንጫውን ይጠቀሙበት። የሰው አፍንጫ 5 ወይም 6 ሚሊዮን ገደማ ሽታ ተቀባይ ሕዋሳት አሉት። የውሻ ከ200 ሚሊዮን በላይ። ቁጥሩን ግን ለልጆች አይንገሯቸው፣ ይተኙብዎታል። እኛ «ዶሮ ወጥ ሸተተኝ» እንላለን። እሱ ሽንኩርቱን ለብቻ፣ በርበሬውን ለብቻ፣ ኮረሪማውን ለብቻ ያሸታል፤ ያማሰለችውንም እጅ ጭምር። ሲተነፍስም አየሩ የሚወጣው በአፍንጫው ጎንና ጎን ባለው ስንጥቅ ስለሆነ የሚገባውን ሽታ አይበትንበትም።

አሁን ደሴን ያስገቡበት። ቀትር ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ሽታ ወደ ላይ ይነሳና ይበተናል። ሲመሽ ግን ብርዱ ከጦሳ ተራራ ወደ ከተማው ይወርዳል፣ ሽታውንም ይዞ። ደሴ ያደገ ሰው ያን ብርድ ያውቀዋል። እንግዲህ አንድ ልጅ ጦሳ ላይ ጠፍቷል እንበል። ቀኑን ሙሉ ተፈልጎ አልተገኘም። ውሻውም ምንም ስላላሸተተ «አርጅቷል፣ ተዉት» ተብሏል። አመሻሽ ላይ ግቢ ውስጥ እንደተኛ አፍንጫውን ቀና ያደርጋል። ይነሳል። እያነከሰ ዳገቱን ይያያዘዋል። ልጆቹ ባትሪ ይዘው ከኋላው። መዝለል የሚባል ነገር የለም። ጅብ ግን ቢጨምሩበት አልጠላም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 11 ዓመቴ ነው። ውሻው ፈንጂ ሲያገኝ ይጮሃል?

መልስ፦ አይጮህም። ያገኘው ቦታ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል ወይም ይተኛል። ዓይኑን እዚያው ይተክላል። የሚሠለጥነው እንዲህ ነው፤ በእግሩ ቢጭረው ሊፈነዳ ይችላላ! ከዚያ ኳሱን ይሰጡታል። ደመወዙ ኳስ ነው። አየህ፣ እሱ ድብብቆሽ የሚጫወት ነው የሚመስለው። ለአንተ ግን ጨዋታ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. እኛ ጋ ጦርነት ነበር፤ ታስታውስ ይሆናል። ሜዳ ላይ የማታውቀው ብረት ካየህ አትንካው፣ ድንጋይም አትወርውርበት። በመጣህበት ተመለስና ለትልቅ ሰው ንገር። የታሪክህም ልጅ እንዲሁ ያድርግ።

ጥያቄ፦ ከሰኞ ገበያ ነኝ። እኛ ቤት ውሻ አይገባም፤ ውዱእ አለ፣ ሶላት አለ። ልጄ ግን «ውሻው ከእኛ ጋር ይኖራል» ብሎ ጽፏል። ላርመው?

መልስ፦ አያርሙት፣ እህትዓለም። ከቁርኣን ሱረቱል ከህፍን ያስታውሱ። የዋሻው ሰዎች ውሻቸው አብሯቸው ነው። የት ነው ያለው? ደፉ ላይ፣ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ። ከእኛ ጋር ማለት ሳሎን ማለት አይደለም። ግቢ ውስጥ የቆርቆሮ ጎጆ ይሥሩለት። ልጁም የውሻው ምራቅ የነካውን ይጠብ። የጎረቤት ክርስቲያኖቹም ቢሆኑ ውሻ ከምድጃ ዳር የሚያስተኙ አይመስለኝም። ደግሞ ክረምት ነው እንበል፣ ደሴ ውስጥ ሌሊቱን ሲዘንብ ያድራል። ልጁ በመስኮት እያየ «በርዶት ይሆን?» ይላል። ሳሎን የሚተኛ ውሻ ይህን ትዕይንት ከየት ያመጣል?

ጥያቄ፦ ልጄ ታሪኩን ከሰማ ወዲህ የመንገዱን ውሻ ሁሉ «ጡረተኛ ነው» እያለ ያቅፋል።

መልስ፦ ይሄስ የኔ ጥፋት ነው። የጦር ውሻ ይከተባል፤ የፒያሳው አይታወቅም። ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡት። በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ግን ያድናል። የባህል መድኃኒት ፍለጋ ቀን አያባክኑ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣ ውሻ እውነት ለሰው ይሰጣል? ወይስ ፈጠራ ነው?

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ይሰጣል። ግን ሁሌ አልነበረም። ቬትናም ውስጥ 4,000 ገደማ ውሾች አገልግለው አብዛኞቹ አልተመለሱም፤ እንደ ትርፍ ዕቃ ነበር የተቆጠሩት። ሰው ወስዶ እንዲያሳድጋቸው የሚፈቅደው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በዚያው ጦር አንድ ወግም አለ፦ ውሻው ከሚመራው ወታደር በአንድ ማዕረግ ይበልጣል፣ ወታደሩ እንዳያንገላታው። አሥር አለቃው ሃምሳ አለቃውን ያጥባል ማለት ነው። ልጆች ይህን ይወዱታል።

ጥያቄ፦ ልጄ ጎማ ሲፈነዳ አሁንም ጆሮዋን ትይዛለች። ተኩስ የሌለበት ባደርገውስ?

መልስ፦ ያድርጉት። ተኩሱ ቀድሞ ያለፈ ነገር ይሁን። ከጦር ሜዳ የተመለሱ ውሾችም ድምፅ ሲሰሙ የሚደበቁ አሉ። ስለዚህ ቡሄን ያምጡ። የሰፈር ልጆች ጅራፍ ማጮህ ሲጀምሩ ያ ጀግና ውሻ ጋሪ ሥር ይገባል፤ አልወጣም ይላል። ትልልቆቹ ይገረማሉ። ልጅቷ ግን ማንም ሳይነግራት ይገባታል። ገመዱን አትጎትትም። አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ ትላለች። ሆያ ሆዬ ባዮቹ በር ላይ ሲደርሱ ብቻ ተነስታ ትወጣለች፦ «ሙልሙሉን እሰጣችኋለሁ። ጅራፉን ግን ታች ወርዳችሁ አጩኹት።» ምዕራፉን እዚያ ላይ ይቁረጡት።