«ፓኬት» ስንት ባይት ይይዛል? ስለ እሽግ፣ ቁራሽ እና ስባሪ

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ኔትወርኪንግ አስተምራለሁ። ፈተና ላይ ‹በኢተርኔት የሚሄድ ፓኬት ከፍተኛ መጠኑ 1460 ባይት ነው› የሚል የእውነት ሐሰት ጥያቄ አወጣሁ። መልሱን ‹እውነት› አልኩ። ባልደረባዬ ደግሞ ‹ሐሰት ነው፣ 1500 ነው› አለ። ስንከራከር ልዩነታችን ከቁጥሩ ይልቅ በቃሉ ላይ ሆኖ አገኘነው። ፓኬትን፣ ሰግመንትን እና ፍራግመንትን በአማርኛ ምን ብለን እንለያቸው? በእጄ ያሉት ማስተማሪያዎች አንዴ ‹ክፍል›፣ አንዴ ‹ቁራጭ›፣ አንዴ ‹ጥቅል› እያሉ ያደባልቋቸዋል። 1500ን በእንግሊዝኛ ስሙ ትርጉም ‹ከፍተኛ የማስተላለፊያ አሃድ› ማለትስ ያስኬዳል? በመጨረሻም፣ ‹አምስት ፓኬት› ነው ወይስ ‹አምስት ፓኬቶች›?»

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። እርስዎም ግን ቁጥሩን ከሜዳ አላነሱትም። 1460 ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ የሌላ ነገር ቁጥር ነው እንጂ። ጥያቄዎ እኔን ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝን ጉዳይ ነክቷል። «መጠን» ብለን ቁጥር እናስቀምጣለን፤ የማን መጠን እንደሆነ ግን አንናገርም። ከነራስጌው (ከዳታው ፊት ከሚለጠፈው የጉዞ መረጃ ጋር) ነው? ያለ ራስጌው ነው? ይህ ካልተለየ ሁለት መምህራን ሁለቱም አውቀው መጣላታቸው አይቀርም።

መጀመሪያ ነገሩን እንየው። ቲሲፒ (የፕሮግራሙን ዳታ ለጉዞ የሚያዘጋጅ የመገናኛ ደንብ) ከፕሮግራሙ የሚቀበለው ያልተቋረጠ የባይት ጅረት ነው። ከዚያ ላይ እየቆነጠረ ያነሣና የራሱን 20 ባይት ራስጌ ያደርግለታል። ይህ ሰግመንት ነው። አይፒ (አድራሻ አድርጎ የሚልከው ደንብ) ይቀበለውና ሌላ 20 ባይት ራስጌ ይጨምርበታል። ይህ ፓኬት ነው። ኢተርኔት ደግሞ ከፊት 14 ባይት ራስጌ፣ ከኋላ 4 ባይት ግርጌ አድርጎ ያቅፈዋል። ይህ ፍሬም ነው። (ራስጌና ግርጌ የአልጋ ቃላት ናቸው። አንዱ ከራስ፣ ሌላው ከእግር ወጥተው ለዚህ ሥራ እንዲህ መግጠማቸው ደስ ይለኛል።)

እንግዲህ የኢተርኔት 1500 የሚቆጥረው በፍሬሙ ውስጥ የተቀመጠውን ፓኬት ከነራስጌዎቹ ነው። ከ1500 ላይ የአይፒን 20 እና የቲሲፒን 20 ሲቀንሱ 1460 ይቀራል። ይህ ለዳታው ብቻ የተረፈ ቦታ ነው። አይፒ ስሪት 6 ከሆነ ራስጌው 40 ባይት ስለሆነ 1440 ይቀራል። መስመሩ ፒፒፒኦኢ (ደንበኛን በኢተርኔት ላይ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የሚያገናኝ ደንብ) የሚጠቀም ከሆነ 8 ባይት ይወሰድበትና 1500 ወደ 1492፣ 1460 ወደ 1452 ይወርዳል።

እዚህ ላይ እንግሊዝኛው ስም ራሱ ያሳስታል። ለ1460 የተሰጠው ስም «ትልቁ የሰግመንት መጠን» የሚል ነው። ሰግመንት ግን በደንቡ የቲሲፒን ራስጌም ይጨምራል፤ 1460 ደግሞ ያንን ራስጌ አይቆጥርም። ስሙን ቃል በቃል ያመጣ ሰው ስሕተቱንም አብሮ አመጣ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ 1500ን «የፓኬት ልክ»፣ 1460ን «የጭነት ልክ» እላለሁ። ጭነት ማለት ዳታው ብቻ ነው።

ለምን «ልክ»? አማርኛ በዚህ ቃል መለኪያንም ገደብንም አብሮ ይናገራል። «ልኩን አያውቅም»፣ «ከልክ አለፈ» እንላለን። «ከልክ ያለፈ ፓኬት» ቢሉ ማንም ተማሪ ሳይተረጎምለት ይገባዋል። «ከፍተኛ የማስተላለፊያ አሃድ» ግን አያስኬድም። «ከፍተኛ» ከከፍታ የመጣ ነው፤ የመጨረሻውን ትልቅ አያመለክትም። ማስረጃው ፍርድ ቤቶቻችን ናቸው። ከከፍተኛው ፍርድ ቤት በላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። ከፍተኛ ማለት የመጨረሻው ቢሆን ኖሮ «ጠቅላይ» ባላስፈለገ ነበር። ደግሞ በሐረጉ ውስጥ «ከፍተኛ» የሚገልጸው አሃዱን ነው፤ መጠኑን አይደለም። «አሃድ» በሃሌታው ሀ ሲጻፍም ዐይኔን ይወጋኛል። ቃሉ የግእዙ አሐዱ ዘር ነው፤ የሳምንቱ መጀመሪያ እሑድም ከዚያው ነው። የዐረቡ አሐድ እና የዕብራይስጡ ኤሐድም ወንድሞቹ ናቸው። ሐመሩ ሐ ይገባው ነበር። ይሁን እንጂ የትምህርት መጻሕፍቱ በሃሌታው ለምደውታል። «ከፍተኛ መጠን» የሚለውም ከዜና እስከ መድኃኒት መመሪያ ገብቷል። ሳልወድ እቀበለዋለሁ፤ በእኔ ብዕር ግን አይወጣም።

አሁን ወደ ፓኬት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ፖል ባራን መልእክትን ቆራርጦ በኔትወርክ የመላክ ሐሳብ ነበረው፤ ቁራጮቹን «የመልእክት ብሎክ» ብሎ ጠራቸው። በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ የሚሠራው ዶናልድ ዴቪስም ለብቻው ወደዚያው ሐሳብ ደረሰ። እርሱ ግን ስም ይጨንቀው ነበር። «ፓኬት» የሚለውን ሲመርጥ፣ በሌሎች ቋንቋዎችም ዘመድ ቃል እንዳለው በላቦራቶሪው የነበሩ የቋንቋ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነው ያጸደቀው። አንድ መሐንዲስ ለቃሉ የሌላ አገር አንደበት እንዲህ ማሰቡ ትልቅ ነገር ነው። ቃሉ «ፓክ» ላይ የማሳነሻ ቅጥያ ተጨምሮበት የተገኘ፣ ትንሽ ጥቅል ማለት ነው። የዚሁ ዘር አንዱ በጣሊያንኛ በኩል ቀድሞ ወደ እኛ ገብቷል፤ «አንድ ፓኮ ሲጋራ» የምንለው እርሱ ነው።

አንድ ወገን ፓኬትን «ጥቅል» እንበለው ይላል። ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም። ግን ዛሬ ደብረ ብርሃን መሀል ከተማ ቆመው «ጥቅል» ቢሉ የሚሰማው ሰው ምን ያስባል? የስልክ ካርድ ሞልቶ የሚገዛውን የቀን፣ የሳምንት ወይም የወር ኢንተርኔት ነው። «ጥቅሌ አለቀ» የሚል ልጅ ፊት «የጥቅል መጠን 1500 ባይት ነው» ቢሉት ጂቢው የት ገባ ይልዎታል። ቃሉ ተይዟል። «ፓኬጅ»ም እንዲሁ ተይዟል፤ ከግብርና ኤክስቴንሽን ጀምሮ የሌለበት የለም።

እኔ የምመርጠው «እሽግ»ን ነው። አሸገ፣ ታሸገ፣ እሽግ። የታሸገ ውሃ እንላለን፤ በፍርድ ቤት የታሸገ ቤት እንላለን። ተቃዋሚው «ፓኬት በየመንገዱ ይከፈታል፣ እንዴት እሽግ ይባላል?» ይለኛል። አይከፈትም። ራውተሩ (ፓኬትን ከመስመር ወደ መስመር የሚያሳልፈው መሣሪያ) ፍሬሙን ይገፍፍና የአይፒን ራስጌ ያነባል። የዕድሜ ቆጣሪውን በአንድ ይቀንሳል፣ በአዲስ ፍሬም አድርጎ ያሳልፈዋል። ውስጡን ለማየት ሥራው አያስገድደውም። እሽግ ማለት ይኸው ነው። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ጥገና ቤቱም ክፍሉም «ፓኬት» ብሏል። ዴቪስም ቃሉ እንዲሻገር ብሎ ነው የመረጠው፤ ተሻግሮ መጣ። «ፓኬት» ቢሉ አልከራከርም። «እሽግ»ን በማብራሪያ ጊዜ አንድ ጊዜ ይበሉላቸው።

ሰግመንት ላይ ግን ዝም ብዬ አላልፍም። አማርኛ ከአንድ ሙሉ ነገር ተነጥሎ ለወጣ ነገር የተዘጋጀ የቃል ቅርጽ አለው። ከቆረጠ ቁራጭ፣ ከቆረሰ ቁራሽ፣ ከበጠሰ ብጣሽ፣ ከቀደደ ቅዳጅ፣ ከገመሰ ግማሽ፣ ከከፈለ ክፋይ። የመጨረሻውን ፊደል ይመልከቱ። ጠ ወደ ጭ፣ ሰ ወደ ሽ፣ ደ ወደ ጅ፣ ለ ወደ ይ ሄዷል። መጨረሻ ላይ የነበረው የሣልስ ድምፅ ተነባቢውን ወደ ላንቃ ስቦት ራሱ ጠፍቷል። ወደ ላንቃ የማይሳቡት ሣልሱን እንደያዙ ቀርተዋል፦ ስባሪ፣ ፍርፋሪ፣ ትራፊ። በሌላ በኩል ድርጊቱ ካለቀ በኋላ የተገኘውን ነገር በሙሉነቱ የሚጠራ ቅርጽ አለ፦ ክምር፣ ድምር፣ ጥቅል፣ እሽግ። ፓኬት ከክምር ወገን ነው፤ ሰግመንት ከስባሪ ወገን። ለዚህ ነው ሰግመንትን «ክፍል» ማለት የማልወደው። «ክፍል» የሌላኛው ቅርጽ ነው፤ በተማሪ ጆሮም መማሪያ ክፍል ነው።

ታዲያ ቁራጭ ወይስ ቁራሽ? ሰግመንት በላቲን መቁረጥ ከሚል ግሥ የወጣ ነው። ስለዚህ ላቲኑ «ቁራጭ» ካለው ወገን ጋር ነው፤ ይህን አልክድም። እኔ ግን «ቁራሽ» እላለሁ። አንደኛ፣ በዚህ ሙያ «መቆረጥ» መጥፎ ስም አለው። «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ሲባል ግንኙነቱ ተበላሸ ማለት ነው፤ ሰግመንት ደግሞ ሥራው የተሳካለት ነገር ነው። ሁለተኛ፣ በእኛ በሰሜን ሸዋ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል እንጂ ይቆረጣል አይባልም። የሚቆርሰውም ሰው ልኩን አይቶ ነው የሚቆርሰው። ቲሲፒም ልኩን አውቆ ነው የሚያነሣው። «ቁርስ» ራሱ ከቆረሰ የወጣ ነው። ቅርጹን ልብ ይበሉ፦ ቁርስ ከነክምር ጋር፣ ቁራሽ ከነስባሪ ጋር። አንድ ግሥ ሁለቱንም ወልዷል፤ ቁርስ ማዕዱ፣ ቁራሽ ከማዕዱ የተነሣው። ይህን ሳይ ላቲኑን መተው አይከብደኝም።

ፍራግመንት በላቲን መስበር ከሚል ግሥ ነው። እዚህ ላይ ላቲኑም እኔም «ስባሪ» ላይ ተስማምተናል። ልዩነቱም ትልቅ ነው። ቁራሽን ላኪው አስቦ ያዘጋጀዋል። ስባሪ ግን ፓኬቱ ከመስመሩ ልክ ሲያልፍ ተሰብሮ የሚወጣ ነው። 4000 ባይት የሆነ ፓኬት 1500 ልክ ያለው መስመር ላይ ደረሰ እንበል። 20ው ራስጌ ነው፤ 3980 ዳታ አለ። ዳታው 1480፣ 1480 እና 1020 ሆኖ ይሰበራል። እያንዳንዱ ስባሪ የራሱ 20 ባይት ራስጌ ይደረግለታል። ከመጨረሻው በቀር የሁሉም ስባሪ ዳታ ለ8 የሚካፈል መሆን አለበት፤ 1480 ለ8 ሲካፈል 185 ነው። አንዱ ስባሪ መንገድ ላይ ቢጠፋ ግን የቀሩት ቢደርሱም ፓኬቱ አይገጥምም፤ ሁሉም ይጣላል። ስባሪን ቁራሽ ብለው ከጠሩት ይህን ጉዳት ለተማሪ ማስረዳት አይችሉም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ያውቃል። መንገዱ ሲነሣ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን የጭነቱን ልክ የሚወስንለት ዋሻው ነው። የኔትወርክም መንገድ ልኩ በጠባቡ መስመር ነው። ስሪት 4 ላይ ራውተሩ ፓኬቱን ሰብሮ ማሳለፍ ይችላል፤ ላኪው «አትስበር» የሚል ምልክት ካላደረገበት በቀር። ስሪት 6 ላይ ራውተር ጨርሶ አይሰብርም። ይጥለውና «ከልክ አልፏል፣ ልኩ ይህን ያህል ነው» የሚል የአይሲኤምፒ (የኔትወርክ ችግር ማስታወቂያ ደንብ) መልእክት ለላኪው ይመልሳል። ያንን መልእክት አንድ ፋየርዎል (ያልተፈቀደውን የሚያግድ የኔትወርክ ዘብ) መንገድ ላይ ካስቀረው ላኪው አይሰማም። ያኔ ገጹ መከፈት ይጀምራል፣ አጫጭሩ ነገር ይመጣል፣ ከባዱ ግን ይንጠለጠላል። ተማሪዎችዎ «ኔትወርክ አለ ግን አይሠራም» ሲሉ አንዳንዴ ምክንያቱ ይህ ነው።

አንድ ሳይጠይቁኝ የምለው። ሁለት ኮምፒውተሮች በግንኙነት መጀመሪያ ላይ ስለ ጭነት ልክ «ይደራደራሉ» ተብሎ ሲጻፍ አያለሁ። ተደራደረ የተደራራጊ ግሥ ነው፤ እንደ ተነጋገረ፣ እንደ ተዋዋለ። ሰጥቶ መቀበል አለበት። እዚህ ግን ድርድር የለም። እያንዳንዱ «እኔ የምቀበለው ይህን ያህል ነው» ብሎ ያስታውቃል። አንዱ 1460፣ ሌላው 1440 ቢል ሁለቱም ባሉት ይጸናሉ፤ ወደዚህና ወደዚያ የሚሄደው ጭነት ልኩ ሊለያይ ይችላል። በስሪት 4 ዝም ያለ ደግሞ 536 ይያዝለታል። ትክክለኛው ግሥ «ያስታውቃሉ» ነው።

ስለ ብዙ ቁጥሩ፦ ከቁጥር በኋላ «አምስት ፓኬት» ይበቃል፤ «አምስት ብር» እንደምንለው። ቁጥር ከሌለ «ፓኬቶች» ይበሉ።

ፈተናውን ደግመው ሲያወጡ እንዲህ ቢጽፉት አንድም ተማሪ አይከራከርዎትም፦ «በኢተርኔት ላይ የፓኬት ልክ ከነራስጌዎቹ 1500 ባይት ነው። የአይፒ ስሪት 4 እና የቲሲፒ ራስጌዎች እያንዳንዳቸው 20 ባይት ቢሆኑ፣ የአንድ ቁራሽ የጭነት ልክ ስንት ይሆናል?» «ቁራሽ» ካልጣመዎት «ሰግመንት» ይበሉ። «የጭነት ልክ»ን ግን አደራ፣ አይንኩብኝ።