ጎልማሳን ከያዘው ሥራ ጀምሮ ማስተማር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። በሰሜን ሸዋ በአንዲት የወረዳ ከተማ የጎልማሶች የሙያ ሥልጠና እንዲያስተባብሩ ተመድበዋል። ከሚመዘገቡት ውስጥ ገበሬ አለ፣ የቀን ሠራተኛ አለ፣ ደብረ ብርሃን ወርደው ፋብሪካ መግባት የሚፈልጉ ሴቶች አሉ። ባለፈው ዙር ክፍሉ ሞልቶ ተጀመረ፣ ብዙም ሳይቆይ ከግማሽ በላይ ቀረ። «አዲስ ዘዴ መጥቷል ይባላል፤ በስልክ፣ በአጫጭር ሞጁል (ተከፋፍሎ በተዘጋጀ ትምህርት)፣ በሥራ ላይ። እኛ ጋ የትኛው ያዋጣል?» ብለዋል።

እኔ መንዝ ውስጥ የተግባር ተኮር ጎልማሶች ትምህርት አመቻች፣ ማለትም አስተማሪ፣ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ በቴክኒክና ሙያ ለረጅም ጊዜ ኮንስትራክሽን አሠልጥኛለሁ። ከወዲሁ መልሴን ልንገርዎ። ሦስቱም ያዋጣሉ። ግን ሰውየው ዛሬ እየሠራ ካለው ሥራ ካልተነሱ አንዱም አያዋጣም።

መጀመሪያ ስለቀሩት ሰዎች። «ፍላጎት የላቸውም» የሚለውን ሪፖርት አይቀበሉ። መዝገቡን ያውጡና የቀሩበትን ቀን ይዩ። የገበያ ቀን ነው? ሚካኤል ነው? አጨዳ ነው? ዞናችን አንድ ዓይነት የእርሻ ወቅት የለውም። በመንዝ፣ በአንኮበርና በጣርማበር ደጋ በበልግ የሚዘራ ሰው አለ። ምንጃር ያለው ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ጤፉ ላይ ነው። አንድ መርሐ ግብር ከዞን ወጥቶ ለሁሉም ወረዳ ሲበተን የአንዱ ወረዳ ሰው መቅረቱ አይቀርም። እኛ ሰዓቱን ሰዎቹ ራሳቸው እንዲወስኑ አደረግን። ወንዶቹ ማታ አሉ፤ ሴቶቹ ከቡና በኋላ አሉ። ሁለት ቡድን ሆነ። መቅረት አልጠፋም፣ ግን የሚቀረው ሰው ከነምክንያቱ ይታወቅ ጀመር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

አንድ የመንዝ ግንበኛ ነበሩ፤ ድንጋይ ሲጠርቡ ቆሞ ማየት ደስ ይላል። ሲባጎና ቱምቢ ይዘው የሚያቆሙት ግድግዳ ዝንፍ አይልም። ፕላን ሲዘረጋ ግን ወደ ኋላ ይላሉ። ፕላን ማንበብ የሚችል ጎረምሳ ፎርማን ሆኖ ሥራውን ይይዛል፣ እሳቸው በቀን ክፍያ ይቀጠራሉ። ሥልጠና ሲመጡ ሞጁሉ በ«የኮንስትራክሽን ሥዕል ትርጉምና ጠቀሜታ» ይጀምራል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ዓይናቸው ሲከደን አየሁ።

ሞጁሉን ተውኩት፤ ግቢ ወጣን። «የቤትዎ የፊት ግድግዳ ስንት ነው?» አልኳቸው። ረገጡት፤ አራት ሜትር። ኖራ አምጥተን የቤታቸውን ግድግዳ በሙሉ ልኩ መሬት ላይ አሰመርን። በሩን፣ መስኮቱን፣ አልጋው ያለበትን ሁሉ። «ይህንን ደብተር ላይ ማስገባት ብንፈልግስ?» ስላቸው ሳቁ። ማስመሪያ ሰጠኋቸው። እያንዳንዱን ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር ብናደርገው አራት ሜትሩ አራት ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ አንድ ለመቶ ማለት ይኸው ነው። ስምንት ሳንቲ ሜትር ካደረግነው አንድ ለሃምሳ ሆነ። ራሳቸው ሣሉት። ጨርሰው ትንሽ አዩትና «በሩ እኮ ሲከፈት አልጋውን ይመታል!» አሉ። ያኔ ፕላን ማንበብ ጀምረዋል። ፊደሉም ከዚያው መጣ። በር፣ መስኮት፣ ግድግዳ፣ ምሰሶ እያልን ሥዕሉ ላይ ጻፍን። ቃሉን ከማንበባቸው በፊት ነገሩን ያውቁታል፣ ስለዚህ አይረሱትም።

ይህ የኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1963 አንዢኮስ በምትባል ከተማ 300 ያህል ሠራተኞችን ማንበብና መጻፍ ያስተማረው ከኑሯቸው በተለቀሙ ቃላት ነው። በኋላ ሲያስተምርባቸው ከነበሩት ቃላት አንዱ «ጡብ» ነበር። ራቅ ሳንል ደግሞ የእነዋሪን ሜዳ እንይ። ጥቁር አፈሩ ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥራል። እዚያ ሞረትና ጅሩ ወረዳ ሰዉ፣ ሴቶችና ልጆችም ጭምር፣ በእጁ ሰፊ መደብና ቦይ እየሠራ ውኃውን ያጠነፍፍ ነበር። የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የቁም እንስሳት ማዕከል ተመራማሪዎች በበሬ የሚጎተተውን ሰፊ መደብ መሥሪያ (ቢቢኤም) ሲያዘጋጁ ይህን የገበሬውን አሠራር አይተው ነው፤ መሣሪያውም የተሠራው ከራሱ ከማረሻው ነው። ገበሬው ስለ ውኃ ማጠንፈፍ ትምህርት ሳይሆን ድካም የሚቀንስለት ነገር ነበር የሚፈልገው። ሠልጣኝ ፊት ስቆም ይህን አልረሳም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውንም ላንሳ፤ በዕድሜ ገፋ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። በ1971 ተጀመረ፣ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፣ በ1972 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ትልቅ ሥራ ነው፤ የኔም እናት ስማቸውን መጻፍ የቻሉት በዚያ ነው። ግን ብዙ ሰው ምስክር ወረቀቱን ከተቀበለ በኋላ የሚያነበው ነገር አጣ፤ ፊደሉም ጠፋበት። በ2000ዎቹ የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ሲመጣ ይህን ለማስተካከል ታስቦ ነበር፤ ፊደሉ ከእርሻ፣ ከጤና፣ ከገቢ ጋር እንዲሄድ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ አመቻቹ ጋ ነው። ክፍያው ትንሽ፣ መጽሐፉ የሚዘገይ፣ የልማት ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽኗ በሌላ ሥራ የተጠመዱ ከሆኑ ተመልሶ ጥቁር ሰሌዳ ይሆናል።

ፋብሪካ ለሚገቡት ሴቶች የሚሆን የንባብ ጽሑፍ እጅዎ ላይ አለ፤ የደመወዝ ወረቀታቸው። መቶኛን ከዚያ የተሻለ የሚያስተምር ነገር አላየሁም። በግል ድርጅት ሠራተኛው ለጡረታ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል። 3,000 ብር ከሆነ 210 ከእሷ፣ 330 ከድርጅቱ። ከዚያ ትርፍ ሰዓት አለ። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የሰዓት ክፍያዋ 20 ብር ከሆነ ቀን የሠራችው ትርፍ ሰዓት 30 ብር ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ 35 ብር፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 40፣ በሕዝብ በዓል 50። አንዲት ልጅ ይህን ስናሰላ ወረቀቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ዝም ብላ ስትደምር ቆየች። በማግሥቱ የፋብሪካው ሒሳብ ክፍል ሄዳ ጠየቀች፤ የጎደለው ተስተካከለላት። ከዚያ ወዲያ ያንን ክፍል የቀረች ሴት አላስታውስም።

የፋብሪካ ሥልጠናን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ማሽን ሳይነኩ ሳምንታት ስለ ካይዘን (ሥራን ደረጃ በደረጃ ስለማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ) ማውራት ይቅር። የልብስ ስፌት ሥልጠና በመጀመሪያው ቀን ቀጥ ያለ መስመር በወረቀት ላይ ያለ ክር በመስፋት ይጀመር። የስፌት መስመር ተቆጣጣሪዋን ጋብዙ፤ ምን ዓይነት ስህተት ብዙ እንደሚያስመልስ እሷ ታውቃለች። ከዚያ ስህተት ተነሥታችሁ ሞጁሉን አሳጥሩት። በትብብር ሥልጠና 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በኮሌጅ ይሁን የሚባለው ጥሩ ነው፤ ግን ድርጅቱ ሠልጣኟን መጥረጊያ አስይዞ ካዋላት 70ው ባዶ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ምን እንደሠራች የምትሞላው አንድ ገጽ ይኑራት፣ ተቆጣጣሪዋም ትፈርም።

ስልክ ላይ ብዙ ተስፋ አለኝ። 8028 ላይ የሚደውል ገበሬ ማንበብ ሳይችል የግብርና ምክር ያዳምጣል። እኛም በቴሌግራም የድምፅ መልእክት እንልክ ነበር፤ አጭር፣ በራሳችን አነጋገር። ቪዲዮ ከተቀረጸ እዚያው ሰፈር፣ በሚያውቁት ሰው እጅ ይቀረጽ። ኔትወርክ በማይኖርበት ቦታ በሚሞሪ ካርድ ይዞራል። ቴሌብር ደግሞ ቁጥር የማንበብ ፍላጎትን በደንብ ቀስቅሷል። የሚስጥር ቁጥሯን ለጎረቤት ልጅ የምትነግር እናት ራሷ መላክ ስትችል የሚሰማትን ነፃነት ማየት አለብዎት። ግን ስልኩ የባል ከሆነ የድምፅ መልእክቱ ለሷ አልደረሰም ማለት ነው፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሲኦሲን (የሙያ ብቃት ምዘናን) በሚመለከት ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በልምድ ሙያ የያዘ ሰው ኮሌጅ ሳይገባ ምዘና መቀመጥ ይችላል። ግንበኛውን፣ አናጺውን፣ ልብስ ሰፊዋን ከዜሮ አታስጀምሯቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራቸውን ይዩ፣ የጎደለውን ብቻ ሙሉ፣ ለምዘና አዘጋጁ። የተግባሩ ምዘና አያስቸግራቸውም። የሚያስቸግረው የእውቀት ምዘናው ነው፤ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ቃላት ይሞላል። ስለዚህ የመሣሪያዎቹን ስም በሁለቱም ቋንቋ በግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ሕፃን ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉ። ከሠልጣኞቹ መካከል በተራ አንዷ ልጆቹን የምትይዝበት ምንጣፍና ጥላ ይዘጋጅ። ይህ ከማንኛውም አዲስ ዘዴ በላይ ክፍል ያስሞላል።

ለሚቀጥለው ዙር የመመዝገቢያ ቅጹን አሁኑኑ ቀይሩት። ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ እነዚህን ጨምሩ፤ አሁን የሚሠሩት ሥራ ምንድን ነው? በቀን ውስጥ የትኛው ሰዓት ይመችዎታል? የሚጠቀሙበት ስልክ የማን ነው? በዚህ ሥራ ላይ ምን ያስቸግርዎታል? ማንበብ ለማይችሉት መዝጋቢው ጠይቆ ይሙላ። ከሞሉት ጥቂቱን ስማቸውን ደብቀው እዚህ ቢለጥፉት የመጀመሪያውን ሳምንት አብረን እናዘጋጀዋለን።