«ዘፋኙ ፈቅዶልኛል» ላልሽኝ እህቴ

ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። በግላቸው የሚሠሩ ሙዚቀኞችን ሲዲና ቲሸርት በአደራ እየተቀበልሽ ትሸጫለሽ፣ 30 በመቶ ላንቺ ቀሪው ለነሱ። አንዱ ዘፋኝ 40 ሲዲ ሰጥቶሽ ነበር፣ አሁን የዘፈኖቹ አቀናባሪ ደውሎ «ሽያጩን አቁሚ» አለሽ። ዘፋኙ ፈቅዶልኝ እያለ አቀናባሪው ሊያስቆመኝ ይችላል ወይ ነው ያልሽው።

ሊችል ይችላል። አንድ ዘፈን ውስጥ ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ቅንብሩም፣ ድምፁም፣ ቀረጻው ራሱም የየራሳቸው ባለመብት ሊኖራቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመውና በኋላ ላይ የተሻሻለው የበርን ስምምነት (የቅጂ መብት ዓለም አቀፍ ውል ነው) በአባል አገሮቹ የሙዚቃ ቅንብርን ራሱን እንደቻለ ሥራ ይጠብቀዋል፣ ምዝገባም አይጠይቅም። አቀናባሪው መብቱን ለዘፋኙ አስተላልፎ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ እሱን የሚመልሰው የሁለቱ ውል ነው፣ ዘፋኙን ኮፒውን ጠይቂው።

አሁን ወደጨነቀኝ ነገር ልምጣ። 40 ተቀበልኩ ብለሽ ታች ላይ ደግሞ «የ52ቱንም ድርሻ በየወሩ ከፍዬዋለሁ፣ ምንም አላስቀረሁበትም» ትያለሽ። እህቴ፣ 12ቱ ከየት መጡ? አልጻፍሽውም፣ ግን እንደገመትኩት ሲዲው አልቆ ሰው ሲጠይቅሽ ራስሽ አባዝተሻል። ልቆጣሽ አይደለም፣ ግን ይሄን ደብቀሽ ምክር ብትጠይቂ ምክሩ አይጠቅምሽም።

ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይሄ ነው። «ሽጪልኝ» እና «አባዢልኝ» በሕግ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። በእጅሽ ያለውን ሲዲ መሸጥ አንድ ነገር ነው፣ አዲስ ኮፒ ማውጣት፣ ፍላሽ ላይ መጫን፣ በቴሌግራም መላክ ግን የማባዛትና የማሰራጨት መብት ውስጥ ይገባል፣ እሱ ደግሞ የደራሲዎቹም፣ የድምፃዊውም፣ የቀረጻው ፕሮዲውሰርም ነው። ድርሻውን በታማኝነት መክፈልሽ ቅንነትሽን ያሳያል፣ ካሳ ሲሰላም ሊረዳሽ ይችል ይሆናል፣ ያልነበረ ፈቃድ ግን አይፈጥርም። ዘፋኙ «ካለቀ ጨምሪበት» ብሎ ቮይስ ልኮልኛል ብለሻል። ጨምሪበት ማለት ምን ማለት ነው? ከኔ ዘንድ መጥተሽ ውሰጂ ነው ወይስ አባዢ? አንቺ አንዱን ትሰሚያለሽ፣ የአቀናባሪው ጠበቃ ሌላውን። ደግሞ አባዢ ማለቱ ቢሆንም የራሱን ድርሻ ነው መፍቀድ የሚችለው፣ የአቀናባሪውን አይደለም። ቮይሱን ግን እንዳታጠፊው፣ ሌላ ቦታም ሴቭ አድርጊው።

ለጊዜው የቀሩ ኮፒዎች ካሉ ከመደርደሪያ አውርጂና ለብቻ አስቀምጪ፣ እንዳታቃጥያቸው እንዳትጥያቸውም። አቀናባሪው ድጋሚ ከደወለ በስልክ አትከራከሪ፣ «መልእክትህ ደርሶኛል፣ እያጣራሁ ነው» ብለሽ በጽሑፍ መልሺና በቃ፣ ስንት እንዳባዛሽ እዚያ ላይ አትዘርዝሪ። ከዚያ ሳትቆዪ የቅጂ መብት ጉዳይ የያዘ የአካባቢሽን ጠበቃ አግኚ፣ ምክንያቱም ቅጣቱም፣ የይርጋ ጊዜውም፣ በሽምግልና መጨረስ መቻሉም እንደየአገሩ ይለያያል፣ እኔ ደግሞ አንድም ወረቀት ሳላይ ነው የምጽፍልሽ።

ሌሎቹን ሙዚቀኞች በተመለከተ ከእያንዳንዳቸው ጋር አንድ ገጽ ተፈራረሚ፤ ስንት ዕቃ እንደተረከብሽ፣ መብቱ የማን የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደምትከፍይ፣ ዕቃው ቢበላሽ ማን እንደሚችለው፣ ማባዛት መፈቀዱ ወይም አለመፈቀዱ በግልጽ ይጻፍ። ሱቅ ውስጥ ሙዚቃ መክፈትም በብዙ አገር የራሱ ፈቃድ ስላለው ጠበቃውን አብረሽ ጠይቂው። ገና ያልከፈልሻቸውን ድርሻ ደግሞ ከሱቁ ብር ጋር አትቀላቅዪው፣ የአደራ ገንዘብ ነው።

ጠበቃው ጋ ስትሄጂ የርክክብ ወረቀቱን፣ የላክሽበትን የባንክ ደረሰኝና የሽያጭ ደብተሩን እንዳለ ይዘሽ ሂጂ። 52 የተጻፈበትን ገጽ ቀደሽ እንዳታወጪው፣ ቁጥሩንም እንዳትነኪው። 12ቱ እንዴት እንደመጡ በራስሽ አፍ፣ መጀመሪያ ለሱ ንገሪው።