ተማሪ ይዞ ወደ ቦረና አዳሪ ትምህርት ቤት፦ ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። አምስት ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዤ በቦረና ዞን ከያቤሎ ከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ የአርብቶ አደር ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜ ደግሞ ስንቅ ከተጫነ በኋላ ጉዞውን ሰርዣለሁ። የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። የትምህርት ቤቱን ስም ግን አትጠይቁኝ። አንድ ጊዜ ስሙን ብናገር በአንድ ወር አራት ትምህርት ቤት ደውሎ “እኛም እንምጣ” አላቸው፤ ርዕሰ መምህሩ እስካሁን ይወቅሱኛል።

ጥያቄ፦ በቅርባችን የገጠር ትምህርት ቤት ሞልቶ እያለ 570 ኪሎ ሜትር መጓዝን ምን አመጣው?

ቅርብ ያለውንም ጎብኙ፣ ማን ከለከለ። እኔን ወደዚያ የወሰደኝ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። “አርብቶ አደሮች ውኃና ግጦሽ ፍለጋ ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀሳሉ” እያልኩ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። አንድ ቀን አንዱ እጁን አወጣና “ታዲያ ልጆቹ የት ይማራሉ?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት እዚያው ሄጄ ነው። ቦረናዎች መንጋቸውን ለሁለት ይከፍሉታል። ወራ የሚባለው የሚታለቡትን ላሞችና ጥጆቹን የያዘ ሲሆን ከመንደር አይርቅም። ፎራ የሚባለው ደግሞ የማይታለበውና ጠንካራው ከብት ነው፤ ሩቅ ይሄዳል። ፎራን ተከትሎ የሚሄደው ወጣቱ ነው፤ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የነበረበት ልጅ ማለት ነው። ድርቅ ሲጠና ቤተሰቡም ይነሳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከሽፍ በየቀበሌው ስንት ክፍል ባዶ እንደቀረ የዚያ አገር መምህራን ይነግሩዎታል። አዳሪ ትምህርት ቤቱ የቆመው ከብቱ ሲሄድ ልጁ እንዲቀር ነው። ይህን ያልተረዳ ጎብኚ ግቢውን የሙት ልጆች ማሳደጊያ ያደርገዋል። ልጆቹ እናት አባት አላቸው፤ ያውም ብዙዎቹ ከብት ቆጥረው የማያደርሱ የነበሩ ሰዎች ልጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ አዳሪ ሲባል የጎበዝ ተማሪዎች ልዩ ትምህርት ቤት አይደለም እንዴ?

ሁለቱ ይለያያሉ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ ሲሰማ፣ ጥሩ ካስመዘገቡት መካከል የአዳሪ ትምህርት ቤቶች ስም ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ወላጁ ሁሉ አዳሪ ሲባል በፈተና ተመርጦ የሚገባበትን ያስባል። የአርብቶ አደሩ አዳሪ ሌላ ነው፤ መስፈርቱ የውጤት ብልጫ ሳይሆን የመንደሩ ርቀት ነው። በዕድሜ የገፉት ወላጆቻችን ደግሞ አዳሪ ሲባል የድሮውን ጄኔራል ዊንጌትን ወይም እቴጌ መነንን ያስታውሳሉ። ያ ሦስተኛ ታሪክ ነው፤ እዚህ አንገባበትም።

ጥያቄ፦ ወላጅ ነኝ። ልጄ የት ነው የምታድረው? ወባስ?

ከተማ ውስጥ ነው የምናድረው። አዳሪ ትምህርት ቤት ትርፍ አልጋ የለውም፤ በአንድ ተደራራቢ አልጋ ላይ ሦስት ልጅ ሲተኛ ባየሁበት ግቢ “ለእኛም አንጥፉልን” ማለት ነውር ነው። ያቤሎ ከተማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ዙሪያዋ ቆላ ነው፤ ስለዚህ አጎበር ይዘን እንሄዳለን፣ ልጆቹም ማታ ማታ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይለብሳሉ። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጅዎ ትኩሳት ከያዛት “ጉንፋን ነው” ብለው አይጠብቁ። የዚያኑ ዕለት ደሟን ያስመርምሩ፣ ለሐኪሙም የት ሄዳ እንደነበር ይንገሩ።

የመድኃኒት አለርጂ፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ካለ በፈቃድ ደብዳቤው ላይ ይጻፍልኝ። አንድ ወላጅ “ልጄን ያስቀሩብኛል” ብለው አስሟን ደብቀውኝ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ ሳንኳኳ አድሬያለሁ።

ጥያቄ፦ መንገዱ እንዴት ነው?

ሁለት ቀን ይፈጃል። በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ አድርገን ሐዋሳ ወይም ዲላ እናድራለን፤ በማግስቱ በይርጋ ጨፌና በቡሌ ሆራ ያቤሎ። ሌሊት አንነዳም። ከዲላ በኋላ በመስኮት ልጆቹ የሚያዩት ከዛፍ ሥር እንሰት፣ ከእንሰት ሥር ቡና ያለበት ኮረብታ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ነው። የተኛውን ቀስቅሱት። ስለ ጸጥታው፣ ከመነሳታችን በፊት በነበረው ቀን ለተቀባዩ ትምህርት ቤት፣ ለዞኑ ትምህርት ጽሕፈት ቤትና በመስመሩ ለሚሠራ አንድ ሹፌር እደውላለሁ። ከሦስቱ አንዱ ካመነታ እንቀራለን። ሁለት ጊዜ የሰረዝኩት በዚህ ነው፤ ወላጅ ተቆጥቷል፣ ተማሪ አልቅሷል፣ እኔ ግን አልጸጸትም።

ጥያቄ፦ በየትኛው ወር ይሻላል?

ኅዳር። ሐጋያ የሚሉት አጭሩ ዝናብ ካባራ በኋላ ሣሩ አለ፣ ልጆቹም ክፍል ውስጥ ናቸው፣ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተናም ገና ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዋናው ዝናባቸው ስሙ “ገና” ነው፤ ጠበቅ አድርገው ነው የሚጠሩት። አንድ የእኛ ልጅ፣ አንዱ የቦረና ልጅ “ገና ሲመጣ ወተት በሽ በሽ ነው” ሲለው “እኛም ጋ ዶሮ አለ” ብሎ መለሰ። ሁለቱ ለሩብ ሰዓት ያህል ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተግባብተው አወሩ።

ጥያቄ፦ ስጦታ ምን እንያዝ? ልጆቻችን ከረሜላና አሮጌ ልብስ ሰብስበዋል።

ከረሜላውን እዚያው ቤታቸው ይብሉት። በሁለተኛው ጉዟችን አንድ ተማሪ ከአውቶቡሱ መስኮት ከረሜላ በተነ። ሕፃናቱ መንገድ ላይ ሲሻሙ ከኋላችን የነበረ አይሱዙ ፍሬን እንደ ምንም ያዘ። ያን ድምፅ ዛሬም አልረሳውም። አሮጌ ልብስም አትውሰዱ፤ ማንም እንግዳ ቤት ሲሄድ የጠበበውን ሱሪውን አይዝም።

ቀድማችሁ ምክትል ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚነግሩኝ ደረቅ ነገር ነው፦ የንጽሕና መጠበቂያ፣ አጋዥ መጻሕፍት፣ የሮቶ ቧንቧ፣ የፀሐይ መብራት። ያመጣችሁት በሞዴል 19 (በንብረት መረከቢያ ደረሰኝ) ገቢ ይደረግ፣ የደረሰኙም ኮፒ ይሰጣችሁ። ርክክቡን በሰልፍ ፊት በጭብጨባ አታድርጉት። ከመጋዘኑ በር ላይ ከንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጋር ቆጥሮ ማስረከብ ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ያደግኩት ደቡብ ኦሞ ውስጥ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እንግዳ ሲመጣ ትምህርት ይቋረጣል፣ ግቢ እንጠርጋለን፣ ዘፈን እንለማመዳለን። ፎቶ ያነሱንና ይሄዳሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንጠላቸው ነበር።

ወንድሜ፣ እኔም ከእነዚያ እንግዶች አንዱ ነበርኩ።

በመጀመሪያው ጉዞ የማደሪያው ኃላፊ በደግነት የሴቶቹን ማደሪያ ከፍተው አሳዩን። ሠላሳ ተማሪ ስልኩን እንደያዘ ገባ፤ እኔም አልከለከልኩም። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ከደጅ እየሮጠች መጣችና አልጋዋ ሥር የነበረውን የቆርቆሮ ሳጥን ጎትታ ተቀመጠችበት። ስሟ ሳጥኑ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል፤ የቁልፉ ክር አንገቷ ላይ ነው። ምንም አልተናገረችም። የመጨረሻው ስልክ እስኪወጣ ድረስ አልተነሳችም። በዚያ ሁሉ ልጅ በሚኖርበት ግቢ የራሷ የሆነው ያ ሳጥን ብቻ ነው፤ ሳሙናዋ፣ ደብተሯ፣ እናቷ የላከችላት ቅቤ ያለበት። እኛ ደግሞ ሳጥኑን ለመቅረጽ ነበር የገባነው።

ከዚያ ወዲህ ማደሪያ አንገባም፤ “ግቡ” ቢሉንም አንገባም። ስልኮች ከተማ ይቀራሉ። አንድ ካሜራ ብቻ እንይዛለን፤ እሱንም የሚይዘው የእነሱ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተማሪ ነው፣ የትኛው ፎቶ ከእኛ ጋር እንደሚሄድ የሚመርጡትም እነሱ ናቸው። የአቀባበል ዝግጅት እንዳይኖር በደብዳቤ እንጠይቃለን። ልጆቻችን በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተደርድረው እንደ ማንኛውም ተማሪ ይማራሉ። መምህሩ ቢጠይቋቸውና ባያውቁ ያፍራሉ። ባለፈው ዓመት ሒሳብ ላይ በደንብ አፍረዋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ምን ይሠራሉ?

አስተማሪዎቹ የቦረናዎቹ ልጆች ናቸው። ከብት በቀለም፣ በቀንድና በምልክት እንዴት እንደሚለይ፣ ጎርፋ የሚሉት የወተት ዕቃ እንዴት ተሰፍቶ እንዴት እንደሚታጠን ያሳያሉ። በአካባቢው ያሉ አንዲት እናት ቡነ ቀላ ሠርተውልን ያውቃሉ፦ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ይቁላላል፣ ሲንጣጣ ምርቃት ይከተላል። ቡና አውቃለሁ ይል የነበረው የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ዝም አለ።

ከግቢው አጥር አጠገብ ዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ የሆነ ግራጫ ወፍ ትዘላለች። ከያቤሎና ከአካባቢዋ በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም። ይህን ለተቀባዮቻችን ስነግራቸው ሳቁብኝ፤ “ይቺማ ሁልጊዜ አለች” ብለው።

የውኃ ጉድጓዶቹን (ኤላ ይሏቸዋል) ለማየት የምንሄደው ከተፈቀደልን ብቻ ነው። ሰዎች በመሰላል ላይ ተደርድረው ባልዲ እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውኃ ከጥልቁ ያወጣሉ። የየዕለቱን ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ፤ ከብቱ በተራው መጠጣቱን የሚከታተለው እሱ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መመዝገቡን ልጆቻችን ከመጽሐፍ ያውቁታል። ተራ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ የገባቸው ግን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ነው።

በግቢው ውስጥ ያለው ውኃ በሮቶ ነው። የእኛ ልጆች እጃቸውን ሲታጠቡ ቧንቧውን ክፍት ትተው ያወራሉ። አንድ ስምንተኛ ክፍል ያለ ልጅ ምንም ሳይል ሳፋ አምጥቶ ከሥር አስቀመጠ፤ ሲሞላም ተሸክሞ ወደ ፓፓያው ችግኝ ወሰደው። እኔ ሃያ ደቂቃ ንግግር ባደርግ ያን ያህል አያስተምርም።

ጥያቄ፦ በምን ቋንቋ ይግባባሉ?

በተሰባበረ አማርኛ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛና ከሁሉ በባሰ በተሰባበረ አፋን ኦሮሞ። ሃያ ቃል ሳያጠና የሚሳፈር ተማሪ የለኝም። ነጋ (ሰላም)፣ ቢሻን (ውኃ)፣ ገለቶማ (አመሰግናለሁ) መነሻ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የልጄ ትምህርት ቤት በሐምሌና በነሐሴ መካከል ኬንያ ውስጥ አንድ የገጠር አዳሪ ትምህርት ቤት ሊጎበኝ ነው፤ ልጆቹ ክፍል ቀለም ይቀባሉ ተብሏል። ልላካት?

እህቴ፣ መጀመሪያ ቀኑን ይጠይቁ። የኬንያ ትምህርት ቤቶች በዓመት ሦስት ጊዜ ይዘጋሉ፤ አንዱ ዕረፍት የሚውለው በፈረንጆቹ ነሐሴ ወር ነው። ሳያጣሩ ከሄዱ ልጅዎ የምትጎበኘው ባዶ አልጋ ይሆናል። የእኛ አገር ትምህርት ቤት ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ዝግ ነው።

ስለ ቀለሙ፣ እዚያ ቀለም ቀቢ አለ፤ ሥራ የሚፈልግ ቀለም ቀቢ። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ አውሮፕላን ተሳፍራ ግድግዳ ብትቀባ ሠፈሩ ምን እንዳተረፈ አላውቅም። አዘጋጆቹን “ተቀባዮቹ ራሳቸው የጠየቁት ነገር ምንድን ነው? በቀጣዩ ዓመትስ እነሱ ይመጣሉ?” ብለው ይጠይቋቸው። ግልጽ መልስ ካላቸው ይላኳት። ከላኳትም አንድ ነገር ይንገሯት፦ ኬንያ ውስጥ በአዳሪነት መማር ብርቅ አይደለም፤ የባለጸጋውም የገበሬውም ልጅ ሁለተኛ ደረጃን በአዳሪነት ይማራል። ስለዚህ አይታ አታዝንላቸው።

ጥያቄ፦ ወጪው?

ትልቁ የአውቶቡስ ኪራይ ነው፣ ከዚያ ማደሪያ። ዋጋው በየመንፈቁ ስለሚለወጥ ቁጥር አልሰጥም። መክፈል ለማይችሉ ተማሪዎች የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረቱ (ወተመህ) እንዲሸፍን አድርጉ፤ ማን እንደተሸፈነለት ክፍሉ አይወቅ።

ጥያቄ፦ እነሱስ ወደ እናንተ መጥተው ያውቃሉ?

አንድ ጊዜ፤ አሥራ ሁለት ልጆች፣ ከሁለት መምህራን ጋር። ሁለት ሁለት ሆነው በተማሪዎቻችን ቤት አደሩ። አንደኛዋ ያረፈችበት ቤት ማታ ቧንቧ ስትከፍት ውኃ የለም። ወደ ሳሎን መጣችና በልጃቸው አስተርጓሚነት እናትየዋን “የዛሬው ተራ የማን ነው?” አለቻቸው።

“የእኛ ሐሙስ ነው፤ እስከዚያ ከበርሜሉ እንቀዳለን” አሏት።

ራሷን ነቀነቀች፤ ተረድታለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ “አባ ሄሬጋችሁ ማን ነው?” አለች።

ልጃቸው ጥያቄውን አብራራችላቸው። እናትየዋ ወደ ባለቤታቸው ዞር አሉ። እሳቸውም አያውቁም።