ለጀማሪ ፕሮግራመሮች፦ ዕቃው የት ተፈጠረ?

ልጆች፣ ፕሮግራም ክራሽ ሲያደርግ መጀመሪያ የምታዩት የወደቀበትን መስመር ነው። እሱማ የግድ ነው። የሚያሳስበኝ እዚያው መቅረታችሁ ነው። ፖይንተሩ ኑል (ወደ ምንም የማይጠቁም) መሆኑን የሚያይ አንድ መስመር ጣል ታደርጋላችሁ፣ ክራሹ ይጠፋል፣ ኮሚት ይደረጋል (ለውጡ ይመዘገባል)። እባካችሁ ይህን አትልመዱ።

ለምሳሌ ጂዲቢ ሰርቨርን ውሰዱ። ሌላ ማሽን ላይ የሚሠራን ፕሮግራም ከራሳችሁ ኮምፒውተር ሆናችሁ ዲበግ የምታደርጉበት ነው። ጂዲቢ ራሱ ዲበገር፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያ፣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በሲ ቋንቋ ተጀመረ። በ2017 የወጣው 8.0 ስሪቱ ግን ሲ ፕላስ ፕላስ 11ን ግድ አለ። እንዲህ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የተሻገረ ኮድ ውስጥ አንድ ባግ ያደፍጣል።

ስትራክቱ (የተለያዩ ዳታዎችን አንድ ላይ የሚይዘው ዕቃ) በድሮው የሲ ልማድ በካሎክ፣ ሜሞሪ በሚያስይዘው ፈንክሽን፣ ይፈጠራል። ካሎክ ሜሞሪውን በዜሮ ይሞላል እንጂ ኮንስትራክተር (ዕቃው ሲፈጠር የሚያዘጋጀውን ኮድ) አይጠራም። አንዱ ይመጣና እዚያ ውስጥ ቬክተር (በሜሞሪ ጎን ለጎን የሚቀመጥ የሲ ፕላስ ፕላስ ዝርዝር) ይጨምራል። ይሠራል! በጂሲሲ ኮምፓይለር ላይብረሪ ባዶ ቬክተር ማለት ሦስት ኑል ፖይንተር ነውና፣ ዜሮው እንዳጋጣሚ ልክ ይሆናል። ቆይቶ ሌላው ቬክተሩን በሊስት (በፖይንተር በተያያዘ ዝርዝር) ይቀይረዋል። የባዶ ሊስት ፖይንተሮች ደግሞ ወደ ራሱ መጠቆም አለባቸው። ይህን የሚያደርገው ኮንስትራክተሩ ነው፤ እሱ ደግሞ አልተጠራም። ሊስቱ ባዶ ሆኖ ሳለ ባዶ አይደለሁም ይላል። ሉፑ ይገባል፣ ኑል ላይ ይወድቃል፣ ሰርቨሩ ይሞታል። እናንተ ጋ የሚደርሰው ግንኙነቱ መቋረጡ ብቻ ነው።

የሜሞሪ ስህተት ፈላጊው ቫልግራይንድ «ያልተሞላ ሜሞሪ» ብሎ አያስጠነቅቃችሁም፤ በዜሮ ተሞልቷላ። ስለዚህ ሰርቨሩን ራሱን በሌላ ጂዲቢ ያዙትና ሊስቱን አሳትሙ። የጤነኛ ባዶ ሊስት ኔክስት (ወደ ቀጣዩ የሚጠቁመው ፖይንተር) የራሱ የሊስቱ አድራሻ ነው። እዚህ ዜሮ ታገኛላችሁ። ያኔ ወደ ኋላ ሂዱ። ይህን ስትራክት ማን ፈጠረው? በምን?

ካሎኩን ኮንስትራክተሩን በሚጠራው ኒው፣ ሜሞሪውን የሚለቀውን ፍሪ ደግሞ በዲሊት ቀይሩ። ሁለቱንም! አንዱን ብቻ መንካት ሌላ ባግ መትከል ነው። ከዚያ በተመሳሳይ መንገድ የሚፈጠሩ ሌሎች ስትራክቶችን አስሱ። የጂዲቢ ሰዎች ያደረጉትን በጣም እወድላቸዋለሁ፤ ኮንስትራክተር የሚያስፈልገው ስትራክት ሜሞሪ በሚያስይዙት የድሮ ማክሮዎች (የኮድ አጫጭር ምትኮች) ሲፈጠር ኮምፓይለሩ ራሱ እምቢ እንዲል አድርገዋል።

ኮሚት ስታደርጉም «ክራሽ ተስተካከለ» ብላችሁ አትለፉት። ቬክተሩ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ይሠራ እንደነበር፣ ሊስቱ ለምን እንደወደቀ ጻፉ። ነገ ያንን ፋይል የሚከፍተው ልጅ ካሎኩን መልሶ እንዳያመጣው የሚያደርገው ያ ጽሑፍ ነው።